ሞደሙ ሳይሆን ቆጣሪው

እስቲ ከእናንተ መካከል የሞደም ድምፅ የሚያስታውስ እጁን ያውጣ። መጀመሪያ ቁጥሩን ይደውላል፤ ከዚያ እንደታነቀች ዶሮ ይንጫጫል፤ መጨረሻ ላይ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ "ሽሽሽሽ" ይልና በድንገት ጸጥ ይላል። ጸጥ ካለ ገባችሁ ማለት ነው። ከታች በቀኝ በኩል ሁለት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራሉ።

ካላስታወሳችሁ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ዕድሜያችሁ አልደረሰም፣ ወይ ቤታችሁ ስልክ አልነበረም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ሁለተኛው ነው።

ስለዚያ ዘመን የሚወራው ወሬ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። "አይ ያ ጊዜ! አንድ ፎቶ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ሲኒው ይታጠብ ነበር" ይባልና ይሳቃል። ጉዳዩ ሁሉ የፍጥነት ይመስላል። ያኔ ቀርፋፋ ነበር፣ አሁን ፈጣን ሆነ፣ አበቃ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ብዙ ሰው በር ላይ እንዲቀር ያደረገው የሞደሙ መንቀርፈፍ አልነበረም። ቆጣሪው ነው። ዛሬም በር ላይ ቆሞ ያለው እሱ ይመስለኛል። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

*

በ1996 ዓ.ም. ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነበር የምንኖረው። ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ ያገለገለ ኮምፒዩተር በሰው ላከችልን፤ ሆዱ ውስጥ ባለ 56 ኪሎቢት ሞደም ነበረው። እናቴ አስተማሪ ነበረች። ስልኳን ዳንቴል አልብሳ ቡፌው ላይ ነበር የምታስቀምጠው። ኢንተርኔት ለማስገባት ስትስማማ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ለትምህርትህ ከሆነ።" እኔም "ለትምህርቴ ነው" አልኳት። ግማሹ እውነት ነበር።

በዚያው ዓመት ዲቪ በፖስታ መላኩ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ መሞላት ጀመረ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ቤታችን ሰፈረ ብል አልዋሸሁም። ከአጠገባችን ያሉት እትዬ ከነልጆቻቸው መጡ። የወፍጮ ቤቱ ጋሼ መጡ። ስማቸውን እንኳን የማላውቃቸው ሰዎች ፎቶ በፍሎፒ ይዘው መጡ። እናቴ እንግዳ መመለስ አትችልም፤ ቡና ታፈላለች። እኔ እጽፋለሁ። ፎቶው ሊጫን ሲል መስመሩ ይቆረጣል። እንደገና እንደውላለን። ደግሞ ይሄድ ይሄድና እህቴ ሳታውቅ መኝታ ቤት ያለውን ስልክ ታነሳለች፤ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ከሰፈራችን ዲቪ የደረሰው ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም። ሒሳቡ ግን ደረሰን።

ወረቀቱን እናቴ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከወር ደመወዟ ግማሹን የሚበላ ነበር። አልጮኸችብኝም። ዳንቴሉን አነሳች፣ ለስልኩ የእንጨት ሳጥን አሠራችለት፣ መደወያው ላይ ቁልፍ ገባበት። ያንን ሳጥን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ቤት ነበር። ችግሩ ሞደም መደወያ አያስፈልገውም፤ በግድግዳው ሶኬት በኩል እራሱ ይደውላል። ለሁለት ሳምንት ያህል እሷ ሳታውቅ ሌሊት ሌሊት ገባሁ። ሲገባት ገመዱን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ከጠመኔዋና ከፈተና ወረቀቷ ጋር የሞደም ገመድ ይዛ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር።

ለእኔ ይህ ዛሬ የሚያስቅ ታሪክ ነው። ለጓደኛዬ ግን አይደለም። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር ልጅ ነበር፤ ቤታቸው ስልክ የለም። ቅዳሜ ማታ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ የሚያስተምሩ ገጾችን እየከፈተ በፍሎፒ ይገለብጣል፤ ከዚያ መስመሩን ዘግተን ቀስ ብሎ ያነባል። እኔ ዘፈን ሳወርድ እሱ ትምህርት ያወርድ ነበር። ገመዱ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ እኔ ጨዋታ ነው የቀረብኝ፤ እሱ ትምህርት ቤት ነው የተዘጋበት። ኢንተርኔት ካፌም እንዳይሄድ በደቂቃ ነው። ዛሬ ስልክ ይጠግናል፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ኑሮውም ደህና ነው። ቢሆንም ሳገኘው ያ ገመድ ትዝ ይለኛል።

*

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ሞደም ማለት የኮምፒዩተሩን ዜሮና አንድ ወደ ድምፅ ለውጦ በስልክ መስመር የሚልክ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ደግሞ ድምፁን ወደ ዜሮና አንድ የሚመልስ ዕቃ ነው። ስልክ የተሠራው ለሰው ድምፅ ስለሆነ በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ብዙ ነገር ማሳለፍ ከባድ ነው። የሞደም ታሪክ ማለት በዚያ ቀዳዳ ብዙ ለማሳለፍ የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ቤል 103 የሚባለውን ሞደም አወጣ። ፍጥነቱ 300 ቢት በሰከንድ ነው፤ ማለትም በሰከንድ 30 ፊደል። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እየተከተላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ 1,200 መጣ፣ 2,400 መጣ፣ 9,600 መጣ። እ.ኤ.አ. በ1991 14,400፣ በ1994 28,800 ደረጃ ወጣላቸው። በ1997 ሁለት ተፎካካሪ ወገኖች እርስ በርስ የማይግባቡ ሁለት ዓይነት የ56 ኪሎቢት ሞደሞች ይዘው ገበያ ወጡ፤ በ1998 ቪ.90 በሚባለው ደረጃ ታረቁ። 56ም ቢሆን ስሙ ነው እንጂ፣ በአሜሪካ የስልክ መስመር ደንብ ምክንያት ከ53 ብዙም አያልፍም ነበር። እኛ ቤት 40 ካለ ዕልል ነው።

ይህ በገንዘብ ሲተረጎም ምን ማለት ነው? አንድ ሜጋባይት ፋይል ውሰዱ። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ያንን ፋይል በ300 ቢት ለማውረድ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። በ2,400 ቢት 70 ደቂቃ ይጠጋል። በ14,400 ቢት 12 ደቂቃ። በ28,800 ቢት 6 ደቂቃ። በደህና የ56 ኪሎቢት መስመር ደግሞ ከሦስት ደቂቃ ትንሽ በለጥ ይላል።

አሁን ይህን በደቂቃ ከሚቆጥር ስልክ ጋር አገናኙት። ፈጣን ሞደም መግዛት የቻለው ሰው ለዚያ ፋይል የ3 ደቂቃ ይከፍላል። አቅም አጥሮት አሮጌውን የያዘው የ70 ደቂቃ ይከፍላል። ፋይሉ አንድ ነው፣ ኩባንያው አንድ ነው፣ ታሪፉ አንድ ነው። ድሃው ግን ከሃያ እጥፍ በላይ ይከፍላል። ላለው ይጨመርለታል የሚባለው በስልክ መስመርም ይሠራል። "ዝግመት" የምንለው ነገር ቆጣሪ በሌለበት ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ቆጣሪ ሲጨመርበት ግን ቅጣት ይሆናል።

*

የዕቃው ዋጋስ? እሱም ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1981 ሄይስ የሚባለው ኩባንያ ስማርትሞደም የተባለ ታዋቂ ሞደሙን በ299 ዶላር ገበያ አወጣ፤ ፍጥነቱ ያው 300 ቢት ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ኮሞዶር ቪክ 20 የምትባል ሙሉ የቤት ኮምፒዩተር 300 ዶላር ገደማ ነበረች። በሌላ አነጋገር የበሬው ዋጋና የቀንበሩ ዋጋ እኩል ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ላይ ኮሞዶር ቪክሞደም የሚባል 110 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሞደም ሸጠ። እንዴት ረከሰ? ብዙ ነገር ቀነሱለት። ቁጥር እንኳን አይደውልም። ቁጥሩን በስልካችሁ ትደውላላችሁ፣ የወዲያኛው ኮምፒዩተር ጩኸት ሲሰማችሁ የመነጋገሪያውን ገመድ ነቅላችሁ ቶሎ ሞደሙ ላይ ትሰካላችሁ። አስቂኝ ነው፤ ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሕዝብ የፈለገው ጌጥ ሳይሆን በር መሆኑ ያን ጊዜ ታየ።

ስለዚህ የሞደሙ ዋጋ ወረደ። ይህን የሚያነሱ ሰዎች ናቸው እንግዲህ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ቴክኖሎጂ በራሱ ጊዜ ይረክሳል፤ ታገሡ" የሚሉን። እውነት ነው፣ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የሚታቀፈው ዶሮ ካለ ነው እንጂ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ እንቁላል ይገማል።

ዶሮዋ ማን ነበረች? እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የስልክ ኩባንያው ራሱ ካላቀረበው በስተቀር መስመሩ ላይ ምንም ዕቃ መግጠም አይፈቀድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ካርተርፎን በተባለ ክስ ላይ በሰጠው ውሳኔ ይህ ክልከላ ተሰበረ። ኩባንያው እንደገና "እሺ፣ ግን በመካከል የእኔ መከላከያ ዕቃ ይግባ" እያለ ጥቂት ዓመት ገተረ። በዚያን ጊዜ ሰዎች የስልኩን መነጋገሪያ ሁለት የጎማ ጽዋ ላይ አስተኝተው ሞደሙ በአየር "እንዲሰማ" ያደርጉ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኮሚሽኑ የተመዘገበ ማንኛውም ዕቃ በቀጥታ ይሰካ አለ። ስማርትሞደምም ቪክሞደምም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በሩ በውሳኔ ተከፈተ፣ ፋብሪካዎቹ ተከትለው ገቡ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። በአብዛኛው የአሜሪካ ከተማ የቤት ስልክ ያለው ሰው በወር ቁርጥ ክፍያ ከፍሎ በከተማው ውስጥ የፈለገውን ያህል ያወራ ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 1978 ቺካጎ ላይ ሁለት ሰዎች፣ ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ፣ በከባድ በረዶ ወቅት የጀመሩትን ሲቢቢኤስ የሚባል የመጀመሪያ የኮምፒዩተር የማስታወቂያ ሰሌዳ አስደወሉ። ማንም በሞደም ደውሎ መልእክት ያነባል፣ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች በጎረምሶች መኝታ ቤት ውስጥ ተከፈቱ። በ300 ቢት! ያ ሁሉ ሰው ፕሮግራም መጻፍ፣ መከራከር፣ ፋይል መለዋወጥ የተማረው በዚያ የቀንድ አውጣ ፍጥነት ነው። እንዴት ቻለ? በከተማው ውስጥ ለሚደውል ሰው ቆጣሪው አይሮጥም ነበር፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ቆጣሪ ባለበት ቦታ ደግሞ እዚያው አሜሪካም ነገሩ ሌላ ነበር። እንደ ኮምፒዩሰርቭ ያሉ ትልልቅ አገልግሎቶች በሰዓት ያስከፍሉ ነበር፤ በፈጣን ሞደም ለሚገባ ደግሞ የሰዓቱ ዋጋ ከፍ ይላል። ከተማ ለከተማ መደወልም ውድ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1984 ቶም ጄኒንግስ የሚባል ሰው ፊዶኔት የሚባል ነገር ፈጠረ። ሰሌዳዎቹ የቀኑን ደብዳቤ ሁሉ ሰብስበው ያስቀምጡና የስልክ ዋጋ በሚቀንስበት በሌሊት ተደዋውለው በአንድ ጊዜ ይለዋወጡታል። ለብልጥ ድሃ የተሠራ ኢሜይል ብትሉት ያስኬዳል።

እ.ኤ.አ. በ1987 ኮሚሽኑ በስልክ መስመር የኮምፒዩተር አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ከ1983 ጀምሮ የነበራቸው ነጻነት ተነስቶ እንደ ረጅም ርቀት ስልክ ኩባንያዎች በደቂቃ እንዲከፍሉ ሐሳብ አቀረበ። ተጠቃሚዎቹ "የሞደም ግብር" አሉት። ሰሌዳ ለሰሌዳ ተጠራሩ፣ ለኮሚሽኑና ለተመራጮቻቸው ደብዳቤ አጎረፉ። በ1988 ሐሳቡ ተተወ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ድር የሚለው ቃል ኢንተርኔት ማለት ከመሆኑ በፊት እንዲህ ሠርቷል።

አውሮፓ ደግሞ ብዙ ቦታ የከተማ ውስጥ ጥሪም በደቂቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 መስከረም ላይ የስፔን፣ ኅዳር ላይ የጀርመን ተጠቃሚዎች አንድ ቀን ኢንተርኔት ባለመግባት አድማ መቱ። ጥያቄያቸው "ፍጥነት ጨምሩ" አልነበረም። "ቁርጥ ክፍያ አድርጉልን" ነበር። ፈረንሳይም በበኩሏ ሌላ መንገድ ሄዳ ነበር፤ ከ1982 ጀምሮ ሚኒቴል የሚባለውን ስክሪን በወረቀት የስልክ ማውጫ ፈንታ ለቤቶች በነጻ አደለች። ፍጥነቱ ሲመጣ 1,200፣ ሲላክ 75 ቢት ብቻ! እስከ 2012 ድረስ ሠራ። በነጻ የታደለ ቀርፋፋ ዕቃ በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት ገባ። እሱም ግን ለአብዛኛው አገልግሎት በደቂቃ ያስከፍል ስለነበር፣ እዚያም ሒሳብ የደረሳቸው እናቶች አይጠፉም።

*

ወደ ቤታችን እንመለስ። ያ በሌሊት የሚደዋወለው ፊዶኔት ከአዲስ አበባ ጋር ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል በፊዶኔት አማካይነት ነበር ከአዲስ አበባ ኢሜይል ይለዋወጥ የነበረው። የአሜሪካ ጎረምሶች የስልክ ሒሳብ ለመቀነስ የሠሩት ነገር ለእኛ የመጀመሪያ መስኮት ሆነ። ሙሉ ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል የመጣው በ1989 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላስ? ሞደሙ ከውጭ መጣ። አሜሪካ በ1998 የተጠቀመችበትን ቪ.90 እኛም በጥቂት ዓመት ልዩነት ተጠቀምንበት። አያችሁ፣ በዕቃው ብዙም ወደ ኋላ አልቀረንም! የቀረነው በሌላው ነው። ስልክ ለማስገባት ዓመታት ወረፋ ይጠበቅ ነበር። መስመሩ ሲገባ በጊዜ ይቆጠራል። አቅራቢው አንድ ብቻ ነው፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ እስኪጀምር ድረስ አንድ ብቻ ሆኖ ኖረ። ሰዎች ቆጣሪውን የሚያልፉበት ዘዴ ሲያገኙም፣ ማለትም በኢንተርኔት ድምፅ መነጋገር ሲቻል፣ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 ከለከለው። ልጁ ዓረብ አገር ያለ እናት ልጇን በርካሽ እንዳታናግር ሕግ ወጣ ማለት ነው። ዛሬ በቴሌግራምና በዋትስአፕ የማይደዋወል የለም፤ አገሩም አልፈረሰም።

ስለዚህ "እኛ ዘንድ ኢንተርኔት የዘገየው ቴክኖሎጂ ስለሌለን ነው" ሲባል አልቀበልም። ቴክኖሎጂው እናቴ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

*

ሚዛናዊ ለመሆን የሌላውን ወገን ክርክርም ልስጥ። "መስመር ገንዘብ ይፈጃል፤ ሁሉም በቁርጥ ክፍያ ልጠቀም ካለ ይጨናነቃል" ይላሉ። ይህ ባዶ ክርክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 አሜሪካ ኦንላይን በሰዓት ማስከፈሉን ትቶ በወር 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ያልተገደበ ሲል ሕዝቡ ገብቶ አልወጣ አለ። መስመሩ ሁሉ "ተይዟል" ሆነ። ደንበኛው ተቆጣ፣ የክፍላተ ሀገራቱ ዐቃቤያነ ሕግ ጣልቃ ገቡ፣ ኩባንያው ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ። ያለ በቂ መስመር የተሰጠ ቁርጥ ክፍያ ድግስ ጠርቶ እንጀራ እንደማሳነስ ነው።

ግን ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገ ልብ በሉ። ኩባንያው ወደ ቆጣሪው አልተመለሰም። ብዙ ሞደም ገዝቶ መስመር ጨመረ። ሕዝቡ ሰዓት ሳይቆጥር መቀመጥ ምን እንደሚመስል አንዴ ካየ በኋላ መልሶ ማስወጣት አልተቻለም። መጨናነቅ የሚያሳየው ፍላጎት መኖሩን ነው። ፍላጎትን በዋጋ አንቆ "መስመራችን አልተጨናነቀም" ማለት የሚያኮራ ነገር አይመስለኝም።

ሌላው ክርክር "አሁንማ ሁሉም ሰው በኪሱ ኢንተርኔት አለው፤ ምን ታለቃቅሳለህ?" የሚል ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ተለውጧል። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ሲቀንስ ያየነው ለውጥ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ይህንንም ልብ በሉ፤ ያ ዋጋ የወረደው አዲስ አንቴና በአንድ ሌሊት ስለተተከለ አይደለም። ተወስኖ ነው። ቀድሞም ሊወሰን ይችል ነበር ማለት ነው።

ቆጣሪውም አልሞተም፤ ልብስ ቀየረ እንጂ። ድሮ ደቂቃ ይቆጥር ነበር፣ ዛሬ ሜጋባይት ይቆጥራል። ጥቅል ስትገዙ ተመልከቱ፦ ጥቅሉ ባነሰ ቁጥር የአንዷ ሜጋባይት ዋጋ ይጨምራል። የወሩን በአንዴ መክፈል የሚችለው በርካሽ ይጠቀማል፤ በየቀኑ የምትገዛው ተማሪ በውድ። ያልተገደበ የሚባለውም አለ፤ ለእሷ ኪስ ግን የተገደበ ነው። ከላይ ያየነው የ3 ደቂቃና የ70 ደቂቃ ታሪክ ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ እንጂ ያው ነው። በዚያ ላይ ገጾቹ ራሳቸው ወፍረዋል። ዛሬ አንድ ተራ ድረ ገጽ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሜጋባይት በላይ ነው፤ በእናቴ ቤት ሞደም ሰባት ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ፍጥነቱ ስላደገ አይሰማንም። ቆጣሪው ግን ይሰማዋል።

*

ታዲያ ምን ይሁን? ማልቀስ ብቻ እንዳይሆን ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ አራተኛ ትውልድ፣ አምስተኛ ትውልድ እየተባለ በፍጥነት ብቻ የሚነገረን ማስታወቂያ አያሙቀን። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን መነሻ የኢንተርኔት ዋጋ ከአንድ ሰው አማካይ የወር ገቢ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ግብ አስቀምጧል። አዲስ ነገር በተመረቀ ቁጥር ጥያቄያችን "ስንት ሜጋቢት?" ብቻ ሳይሆን "ከደመወዝ ስንት በመቶ?" መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ የሌሊቱን ብልሃት አንርሳ። ፊዶኔት የሠራው መስመሩ ሌሊት ሥራ ስለሚፈታ ነው። ዛሬም ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት መስመሩ እንደ ቀኑ አይጨናነቅም። ለተማሪ በዚያ ሰዓት የማይቆጠር፣ ወይም ለመቆጠር የማያሳፍር ዋጋ ያለው መስመር መስጠት ከኩባንያዎቹ ብዙ አይቀንስባቸውም። እንቅልፍ ማጣቱን ለእኛ ተዉልን፤ የፈተና ሰሞን የለመድነው ነው።

ሦስተኛ፣ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤት። ተማሪ ቆጣሪ ሳያይ የሚቀመጥበት አንድ ወንበር በየወረዳው ይኑር። ይህ ልመና አይደለም። ፈረንሳይ በየቤቱ ስክሪን ስታድል ምጽዋት እየሰጠች አልነበረም፤ ተጠቃሚ እየፈጠረች ነበር። ተጠቃሚ ሲበዛ አንቴናውም ይከፈልለታል።

ባለፈው ያን ጓደኛዬን ሱቁ ሄጄ ይህን ጽሑፍ ልጽፍ መሆኑን ነገርኩት። የተሰበረ ስክሪን እየፈታ ነበር። "ያኔ ያቺ 56 በቂህ ነበረች?" አልኩት። ቀና ሳይል "ምን ሆና! 2,400ም ብትሆን ይበቃኝ ነበር። ጽሑፍ አይደል የማነበው? እሑድንም ብትጨምሩልኝ ኖሮ ነው" አለኝ።

እናቴ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ገመዱ አሁንም አለ፤ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ የስልክ ሒሳቦች ጋር በላስቲክ ታስሮ። ሰሞኑን ጥቅሏ ማለቁን የሚነግር መልእክት በመጣላት ቁጥር መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ ታነበዋለች። ልክ እንደዚያን ቀን።

ጥቅላችሁ ሳያልቅ እዚህ ከደረሳችሁ፣ አመሰግናለሁ።